ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት

አሮጌ መኪና የያዘ ቤተሰብ አጥብቆ የሚፈራው «ሞተሩ ይውረድ» የሚለውን የመካኒክ ፍርድ ነው። ከደመወዝ የተቆጠበውና ወይዘሮዋ በዕቁብ ያኖረችው ገንዘብ በአንድ ቀን የሚያልቀው ያን ጊዜ ነውና። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን፣ ጉልበት ያነሰው ሞተር ሁሉ መፈታት እንደማያስፈልገው በቮልስዋገን ምሳሌነት ለማስረዳት እንወዳለን።

በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ በተዘረጋው ቆላ፣ በቁረይሻም አካባቢ፣ የአሮጌ ሞተር ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ አቧራና ሙቀት። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ጎማ ይይዛል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ አቧራ ይሆናል። አቧራው ባልጸዳ የአየር ማጣሪያ አልፎ ከገባ የፒስቶኑን ፋሻና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላል። ሙቀቱ ደግሞ ቫልቭ ያቃጥላል። ቮልስዋገን በአየር የምትቀዘቅዝ በመሆኗ በውሃ እጦት አትቸገርም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር በሰሜን አፍሪካ በረሃ የነዳው ኩቤልቫገንም ሞተሩ የዚሁ ዓይነት ነበር። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ፣ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጎዳል።

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስቶኑ አየርና ቤንዚኑን አምቆ የሚያስገኘው ግፊት ነው። ይህ ሲቀንስ መኪናዋ ዳገት ይከብዳታል፤ ጠዋትም በግድ ትነሣለች። እንግዲህ ምርመራው ወጪ ከማይጠይቀው ይጀመር። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለተሠሩት ሞዴሎች ልኩ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በሚገባ አይዘጋም፤ ግፊቱ ያመልጣል፤ ቫልቩም ይቃጠላል። በጊዜው ከተስተካከለ ግን መለዋወጫ ሳይገዛ ጉልበቱ ሊመለስ ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አሙቆ አራቱንም ካንዴላ ማውጣት፣ የቦቢናውን ሽቦ መንቀል፣ የኮምፕሬሽን መለኪያውንም በካንዴላው ቀዳዳ መግጠም ይገባል። አንዱ መለኪያውን ሲያነብ ሌላው የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ በቁልፍ ሞተሪኖውን ያዞራልና ሥራው የባልና የሚስት ነው። የአራቱም ቁጥር በደብተር ይጻፍ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ነው።

ደካማው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት የተለመደ ነው፤ ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ይጠረጠራል። የቮልስዋገን ሲሊንደሮች ግን የተጋደሙ በመሆናቸው ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ሰዓት በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ማዳመጥ ይበልጥ ይታመናል። ድምፁ በማርሚታ ከወጣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ፣ በካርቡራቶር ከወጣ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ደብተር ይዞ መካኒክ ዘንድ የሚቀርብ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን ሥራ ለይቶ ይጠይቃል፤ የዕቁቡም ገንዘብ ለታሰበለት ጉዳይ ይቆያል።