ሰርቨራችን ሌሊት ለማን ሲሠራ ያድራል?

ባለፈው ክረምት ለልምምድ በወጣሁበት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ የግብዣ ደብዳቤ በኢሜይል እንድልክ ታዘዝኩ። ላክሁት፤ ተመለሰ። ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም ተመለሰ። አድራሻውን የተሳሳትኩ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ባለሙያ ተጠርቶ ሲመረምር ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። ለካስ የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር የማናውቀውን ሰው ማስታወቂያ ለዓለም ሲያድል ነው የሚያድረው! በዚህ የተነሳ አድራሻችን በስፓም ላኪነት ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ይሆናል? ስፓም ማለት ተቀባዩ ሳይጠይቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት ነው። ሪሌይ ደግሞ አንድ ሰርቨር መልእክት ተቀብሎ ለሌላ ሰርቨር ሲያሳልፍ ነው። ማንም መጥቶ ለማንም እንዲልክ የሚፈቅድ ሰርቨር ኦፕን ሪሌይ ይባላል። ስፓም ላኪው አንድ መልእክትና ረጅም የአድራሻ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩም ለሁሉም ያዳርሳል። ወጪውም ሆነ ስም መጥፋቱ የሰርቨሩ ባለቤት ነው፤ ምክንያቱም ተቀባዩ ዘንድ በር አንኳኩቶ የሚታየው የእሱ ሰርቨር ነዋ።

ነገሩ ድሮ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ኤስ ኤም ቲ ፒ የተባለው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ በጆን ፖስቴል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ተጠቃሚው ጥቂት ነበር፤ ኔትወርኮቹም ሁሉ በቀጥታ አይገናኙም። ስለዚህ የሌላውን ደብዳቤ ማሳለፍ የጉርብትና ወግ ነበር። ስፓም ላኪዎች ይህንን ደግነት ሲጠቀሙበት ግን በሩ መዘጋት ጀመረ። ታዋቂው ሴንድሜይል ከ8.9 እትሙ (እ.ኤ.አ. 1998) ጀምሮ ገና ሲጫን ሪሌይን ዘግቶ መምጣት ጀመረ። በ1999 ደግሞ ላኪው በይለፍ ቃል ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ደንብ ወጣ።

እንግዲህ መፍትሔው ሁለት ጥያቄ ነው። መልእክቱ የተላከው ለእኛ ሰው ነው? ከሆነ ይግባ። ካልሆነስ፣ ላኪው በይለፍ ቃል የተረጋገጠ የእኛ ሰው ነው? ከሆነ ይለፍ። ሁለቱም ካልሆነ በቃ፣ ይመለስ! «ከ» በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈውን ስም ማመን ግን ሞኝነት ነው፤ ማንም የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላልና።

የእኛ ሰርቨር ምን ነካው? አንድ ሠራተኛ ስካን የሚያደርገው ማሽን ኢሜይል አልልክ ሲለው «ለጊዜው» ብሎ የዓለምን አድራሻ ሁሉ ከሚታመኑት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ በዚያው ረስቶት ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ዝርዝሩን አጠበበ። ቀጥሎ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ውጭ ሆኖ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ወደ ሌላ ድርጅት አድራሻ ለመላክ ሞከረ። ሰርቨሩ «አላሳልፍም» አለው። ከጥቁር መዝገቡ እንዲሰረዝ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ቢሰረዝ ኖሮ ተመልሶ መግባቱ አይቀርም ነበር።

ይህም ሆኖ በሩ ተዘጋ ብሎ መተኛት አይገባም። ዛሬ ብዙ ስፓም ላኪዎች የሠራተኛን የይለፍ ቃል ሰርቀው በፊት ለፊት በር ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በሰዓት የሚልከውን መልእክት መገደብና የሰርቨሩን መዝገብ መከታተል ያስፈልጋል።

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ሰርቨር ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እንግዳው ደብዳቤውን ያገኘው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ያ ደብዳቤ ለዜና ምንጫችን የላክነው ጥያቄ ቢሆን ኖሮስ?