አድማ የተከለከለበት ማኅበር ጉልበቱ ከወዴት ነው?

በሆሳዕና ገበያ ስልክ ከሚዛን ያልተናነሰ የንግድ መሣሪያ ነው። የስንዴና የባቄላ ነጋዴው የአዲስ አበባን ዋጋ ሳይጠይቅ ጭነት አያስነሣም። ደላላውም ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው ከቁጥር ሰሌዳው ላይ ነው። ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ የሀዲያና የከምባታ ቤተሰብ የምሥራቹንም መርዶውንም የሚሰማው፣ የተላከለት ገንዘብ መድረሱንም የሚያውቀው በዚሁ መሥመር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ሲጨመርበት ስልኩ የገንዘብ ከረጢት ጭምር ሆኗል።

ከመሥመሩ በስተጀርባ ስላለው ሠራተኛ ግን ገበያው እምብዛም አይጠይቅም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የባለቤትነቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ በየሻይ ቤቱ የተነሣው ጥያቄ ስለ ትርፍ ድርሻና አክሲዮኑን መልሶ ስለመሸጥ ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ገዢዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮኖች በ3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ገዝተዋል። ከነዚህ መካከል «የሠራተኛው የኅብረት ስምምነት መቼ ያበቃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አልገጠመውም። ባለአክሲዮን ማለት ግን በሌላ አነጋገር የአሠሪው ተካፋይ ማለት ነውና ጥያቄው ሊያሳስበው ይገባ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ነጋዴ የሠራተኛ ማኅበር ሲባል ቶሎ የሚመጣለት አድማ ነው። በቴሌ ጉዳይ ይህ ሥጋት መሠረት የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ቀዳሚው አዋጅ ቁጥር 377/96 ሁሉ «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» ብሎ የዘረዘራቸው ድርጅቶች አሉ። ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት፣ መብራትና ውኃ፣ እሳት አደጋ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ፤ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትም እንዲሁ። በእነዚህ ቦታዎች ሠራተኛው ሥራ ማቆም፣ አሠሪውም ሥራ መዝጋት አይችሉም። ሕጉ የሚያየው አገልግሎቱን እንጂ ባለቤቱን ስላልሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከዚህ አያመልጥም።

ታዲያ አድማ የተከለከለበት ማኅበር በድርድር ጠረጴዛ ላይ ምን ይዞ ይቀመጣል? ሕጉ በአድማ ፋንታ የሰጠው መንገድ ይህ ነው። በደመወዝና በሌሎች ጥቅሞች ላይ የወል ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ በአስማሚ ይታያል። ካልተፈታ፣ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት በሚሰጡ ድርጅቶች ላይ ጉዳዩ የሚቀርበው ለጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው። በቦርዱ ውስጥ የሠራተኛም የአሠሪም ወገን አለበት። እዚያ የሚመዘነው ጩኸት ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ማን ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ የየትኛው ቦታ ሥራ ከየትኛው ይከብዳል የሚለው።

ማስረጃው ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። መብራት ጠፍቶ የማሠራጫ ጣቢያው ጀኔሬተር አልነሣ ሲል በሌሊት የሚጠራው ቴክኒሽያን ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ነው ያለው። በገበያ ቀን ምሳ ሳይበላ ወረፋ ሲያስተናግድ የሚውለው ሠራተኛም ሾኔ ወይም ሺንሺቾ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን ካልመዘገቡ፣ ካልላኩና ለምን እንደሚልኩ ካላወቁ፣ ተደራዳሪው ባዶ እጁን ይገባል። አድማ የሌለው ማኅበር ጉልበቱ አባሉ የሚያውቀውና የሚያሳውቀው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

የ6 ወሩ ጣጣ

አባልን ማሳወቅ የመሪዎች በጎ ፈቃድ የሚመስለው ሰው አለ። አዋጁ ግን በአንቀጽ 115 የማኅበራትን ተግባር ሲዘረዝር፣ በድርድርና በክርክር አባላትን ከመወከል ቀጥሎ ሕጎች፣ ደንቦችና መመሪያዎች በአባላት ዘንድ እንዲታወቁና እንዲከበሩ ማድረግን አስቀምጧል። ማኅበሩ ዝም ካለ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ዝምታው በገንዘብ ሲተመን ምን እንደሚመስል እንይ። በሕጉ መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተሠራ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። የሰዓት ደመወዙ 50 ብር የሆነ ቴክኒሽያን ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብልሽት ሲጠግን ቢያድር፣ ለዚያች ሌሊት 350 ብር ይገባዋል። በወር ሦስት ጊዜ ቢደጋገምበት 1050 ብር፣ በዓመት 12600 ብር ነው።

አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ያልፍበታል። «ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ያለው ቴክኒሽያናችን ከ12600 ብሩ ግማሹን በገዛ እጁ አጣ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን የሚለጥፍ ሰው በየከተማው መኖሩ ነው ጥያቄው።

የኅብረት ስምምነት ጊዜም እንደዚሁ ቀን ያለው ነገር ነው። ሌላ ጊዜ ካልተወሰነበት በቀር ስምምነቱ ለ3 ዓመት አይነካም። ጊዜው አብቅቶ የተጀመረው ድርድር በ3 ወር ውስጥ ካልተቋጨ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅሞች የተስማሙባቸው አንቀጾች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። የቤት ኪራዩን ቀን የማይረሳ አባል የስምምነቱን ማብቂያ ቀን የማያውቅ ከሆነ፣ ተደራዳሪውን «የት ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከሆሳዕና እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች፤ መሥሪያ ቤቱም ነጋዴውም በዝቶባታል። ከዚያ አልፎ ያሉት የወረዳ ከተሞች፣ አንጋጫም ዶዮገናም ሆኑ ሆመቾ፣ በሠራተኛ ቁጥር ትንንሽ ናቸው። ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 10 ሠራተኛ ነው። ሦስትና አራት ሰው ያለበት ቦታ ብቻውን ማኅበር አይሆንም፤ በድርጅቱ ማኅበር ውስጥ መታቀፍ አለበት።

የአካባቢ ማኅበር ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአዋጁ ትርጓሜ ክፍል ነው። ራሱን ችሎ የተሰየመና በሥራ ወይም በድርጅታዊ አቋሙ ነፃነት ያለው ቅርንጫፍ እንደ አንድ ድርጅት ይቆጠራል። ይህ ነፃነት የሌለው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ግን ድምፁን የሚያሰማው በተወካይ ነው። በመሆኑም ተወካዩ ማን ነው፣ ከየትኛው ስብሰባ ምን ይዞ ተመለሰ የሚለው ጉዳይ ተራ ወሬ አይደለም። የማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለክርክርና ለማኅበር ስብሰባ ሲሄዱ ደመወዛቸው ሳይቀነስ ፈቃድ እንዲያገኙ ሕጉ ይደነግጋል። ስለዚህ «ሥራ በዛብኝ» የሚለው ምክንያት እምብዛም አያስኬድም።

የሀዲያና የከምባታ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በገጠሩ ሴራ የሚባለው የመተዳደሪያ ሥርዓት፣ በከተማው ደግሞ እድር፣ ሰው እኩል ተቀምጦ የሚመክርባቸው ናቸው። የእድር ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ለሁለት ስብሰባ ካላሰማ በሦስተኛው መዋጮ የሚያዋጣ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል። የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ግን ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ ይህ ቅጣት የለበትም። አባሉ ቢኮርፍም ገንዘቡ መግባቱን ይቀጥላል፤ መሪዎቹም ሁሉ ሰላም ይመስላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት የብዙ ማኅበራት ድካም የሚጀምረው ከዚህ ምቾት ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። አዋጁም የኅብረት ስምምነቱም በአማርኛ ይጻፋሉ። በቢሮ ውስጥ ይህ ችግር አይሆንም። ሆኖም በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ የሚጨዋወቱ ባልደረቦች የትርፍ ሰዓት አንቀጹን በራሳቸው ቋንቋ ሲነጋገሩበት በስብሰባ ያልተነሣ ጥያቄ ይነሣል። ጎበዝ ተወካይ ቃለ ጉባኤውን በአማርኛ ያነባል፤ ክርክሩን ግን በሚቀናቸው ቋንቋ ይከፍታል። ዛሬ ቴሌግራምም አለ። ፈጣን ነው፣ ወጪ የለውም። ነገር ግን በቴሌግራም የተላለፈ መልእክት ተነበበ እንጂ ተመከረበት አይባልም፤ እጅ ወጥቶ የተቆጠረ ድምፅም አይተካም።

ወሬ ሲቀድም

አባሉ ከማኅበሩ ካልሰማ ከሌላ ይሰማል። ኢትዮ ቴሌኮም የ2016 በጀት ዓመት ገቢው 93.7 ቢሊዮን ብር፣ የ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ብር ገደማ መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ሆሳዕና ያለው ሠራተኛ ይህን በቴሌቪዥን ሰምቶ የራሱን ደመወዝ ያሰላል። ከገቢው ውስጥ ስንቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ለተወደደ የውጭ ዕቃና ለብድር ክፍያ እንደሚውል የሚያስረዳው ካላገኘ፣ ገቢውን ሁሉ ትርፍ አድርጎ ይወስደዋል። የሚያስረዳ ማኅበር ካለ ግን ጥያቄው ልክ ይኖረዋል፤ ልክ ያለው ጥያቄ ደግሞ በድርድር ይቋጫል። ሥራ አስኪያጆች መረጃ የያዘ ማኅበርን ይፈራሉ። ይበልጥ ሊያስፈራቸው የሚገባው መረጃ የሌለው ነው።

በዘርፉ የሚታወስ ነገርም አለ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋምና የፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በማኔጅመንት ውል ሲገባ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአዲሱ ድርጅት ምደባ ሳያገኙ ቀርተዋል። ድርጅት ሲፈርስና ሲቋቋም ሠራተኛው ምን መብት እንዳለው፣ በስንት ቀን ውስጥ ለማን ማመልከት እንደሚገባው በዚያን ጊዜ መማር የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። አሁንም ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆኗል፤ ባለቤትነቱ እየተከፈለ ነው። ባለቤት ሲጨመር የሥራ ውሉና የኅብረት ስምምነቱ እንደጸኑ ይቀጥላሉ ወይስ አይቀጥሉም የሚለውን በየቅርንጫፉ ማስረዳት የማኅበሩ ፋንታ ነው።

ጉዳዩ በቴሌ ሠራተኛ ላይ ብቻ አያበቃም። በሆሳዕናና በዱራሜ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ የብረታ ብረት ሥራ ወይም የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው አንባቢ አምስትና ስድስት ሰው ይቀጥር ይሆናል። ሠራተኞቼ ከ10 ያነሱ ስለሆኑ ማኅበር አይመለከተኝም ካለ ተሳስቷል። በአነስተኛ ድርጅቶች የተቀጠሩ ሠራተኞች ተሰባስበው 10 ከሞሉ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም እንዲችሉ ሕጉ ፈቅዷል። በእነዚህ መደብሮችና ሆቴሎች ደግሞ እንደ ቴሌ ሥራ ማቆም አልተከለከለም፤ የሚጠየቀው የሕጉን ሥርዓት መከተል ነው። የ6 ወሩ ይርጋና የ1.75ቱ ስሌት ለእነሱም ይሠራል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2000 ብር ከፍ ሲል የደመወዝ መክፈያውን ዝርዝር ያላስተካከለ አሠሪ ካለ፣ ከሠራተኛው ጥያቄ በፊት ሒሳብ ያዡን ቢጠራ ይሻለዋል።