የ2²⁵⁵ − 19 ባሕርይ፦ ከባሕረ ሐሳብ ግድፈት ወደ ምስጢራዊ ቁልፍ

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ በእንጦጦ ራጉኤልም ሆነ በየካ ሚካኤል፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተሰልተው ለምእመናን ይነገራሉ። የስሌቱ ዋና ተግባር መግደፍ ነው፤ አንድን ብዛት በ19 ወይም በ30 እየጣሉ ቀሪውን መያዝ። («ሞዱሎ» የሚለውን ቃል ከመዋስ ይህን ነባር ቃል መጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ።) ከተራራው ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ዋትስአፕ የሚጠቀም ሰው ስልክም መልእክቱን የሚቆልፈው በመግደፍ ነው። የሚገድፈው ግን በ2²⁵⁵ − 19 ነው። ይህን ባለ 77 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ዳንኤል በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ለቁልፍ ልውውጥ አቅርቦታል። ቁጥሩ ራሱ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፈዋል፤ ግጥጥሞሽ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ብቸኛ መሆኑ ለምን አስፈለገ? የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት እንመልከት። ዓመተ ዓለሙ 5500 + 2017 = 7517 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 × 11 = 121 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 × 19 = 209 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴውን እንደገና በ11፣ መጥቅዑን በ19 አባዝተን ብንገድፍ ሁለቱም ወደ ወንበሩ ይመልሱናል፤ 11 × 11ም ሆነ 19 × 19 በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋልና። በ6 ብናባዛ ግን መመለሻ የለም፤ 6 × 5 ሲገደፍ ልክ እንደ 6 × 0 ባዶ ስለሚሆን 5ን ከ0 መለየት አይቻልም። የሚገደፍበት ቁጥር ብቸኛ ሲሆን ይህ ጉድለት ይወገዳል፤ ከ0 በቀር ማንኛውም ቁጥር መመለሻ ያገኛል። ግዙፉን ቁጥር «ፐ» ብንለው፣ በፌርማ ትንሹ ቲዎረም መሠረት የአንድ ቁጥር መመለሻ ቁጥሩ ወደ ፐ − 2 ኃይል ከፍ ብሎ ሲገደፍ የሚተርፈው ነው። የማያልቅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በ254 ስኩዌርና በ11 ብዜት ይጠናቀቃል።

ከብዙ ብቸኛ ቁጥሮች ይህ የተመረጠው ለ2²⁵⁵ እጅግ ስለሚቀርብ ነው። ኮምፒውተር በሁለት መደብ ስለሚያሰላ ከ2²⁵⁵ በላይ ያለውን ክፍል ቆርጦ መለየት አይቸግረውም። 2²⁵⁵ በፐ ሲገደፍ 19 ስለሚተርፍ፣ የተቆረጠው ክፍል በ19 ተባዝቶ በታችኛው ላይ ይደመራል፤ ረጅም ማካፈል አያስፈልግም። በታናሽ ወንድሙ በ109፣ ማለትም በ2⁷ − 19፣ እንሞክረው። 300 ማለት 2 × 128 + 44 ነው፤ 2 × 19 + 44 = 82። 300 ለ109 ሲካፈልም ቀሪው 82 ነው።

መመለሻው ይህን ያህል ከቀለለ ምስጢሩ የት አለ? በኤሊፕቲክ ኩርባው ላይ ነው። ስልኩ አንድን የታወቀ ነጥብ በምስጢር ቁጥሩ ልክ ከራሱ ጋር ይደምርና ውጤቱን ይፋ ያደርጋል። ነጥቦችን መደመር ማካፈልን ይጠይቃል፤ ማካፈል የሚቻለውም መመለሻ ስላለ ነው። ከውጤቱ ተነሥቶ የምስጢሩን ቁጥር የሚያወጣ ፈጣን ዘዴ ለመደበኛ ኮምፒውተር እስካሁን አልተገኘም፤ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ ግን ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ስልት ይፈታዋል።