ጥያቄውን ማን ያውጣው?

ባለፈው ሴሚስተር ወደ ተቋማችን አንድ መጠይቅ መጥቶ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስድስት ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» ድረስ ቁጥር እያከበብን ስለ ማስተማር ልምምዳችን መልስ ሰጠን። አጥኚዎቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ውጤቱን እስከ ዛሬ አላየነውም። ከመካከላችን አንዱ ግን በወረቀቱ ጀርባ «በአንድ ክፍል ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ተሰጥተውኛል፤ በየትኛው ልሳቅ፣ በየትኛው ልቆጣ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ለእሷ የሚከበብ ቁጥር አልተዘጋጀላትም።

ይህን ያነሣነው ቂም ይዘን አይደለም። በዛሬው የ«ምን ማለት ነው?» ዓምዳችን የምናብራራው ጉዳይ ከዚያች የወረቀት ጀርባ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ይኸውም ስለ ይዘት አጣሪዎች ሥራ ሲጠና ጥያቄውን ማን ያወጣዋል የሚለው ነው።

ይዘት አጣሪ ምን ማለት ነው? ፌስቡክ ላይ አንዱ የማይገባ ነገር ሲለጥፍና ሌላው «ይነሣልኝ» ብሎ ሲያመለክት ጉዳዩ ወረፋ ይይዛል። ከፊሉን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይወስነዋል፤ የቀረው ሰው ፊት ይቀርባል። ያ ሰው የኩባንያውን ደንብ ይዞ ይቆይ ወይም ይነሣ ይላል። ሥራው እህል እንደ መንፋት ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ልዩነቱ በዚህ ወንፊት ላይ የሚወርደው የተገደለ ሰው ምስል፣ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ግፍ፣ የዘር ስድብ መሆኑ ነው። ያውም ቀኑን ሙሉ!

ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ይህን ሥራ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ናይሮቢ የነበሩ ወገኖቻችን ናቸው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ሥራውን ሳማ ለሚባል ኩባንያ በኮንትራት ሰጥቶት ነበር። የአሜሪካው ታይም መጽሔት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አንዳንዶቹ ሠራተኞች በሰዓት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ይከፈላቸው እንደ ነበርና አንዱን ጉዳይ በ50 ሴኮንድ ያህል እንዲወስኑ ይጠበቅባቸው እንደ ነበር ገለጸ።

50 ሴኮንድ ለምን ይበቃል? እስቲ በከተማችን ነገር እንየው። ጅብ ለሐረር ሰው ምን እንደ ሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ወራባ እንለዋለን፤ ማታ ማታ ሥጋ እናበላዋለን፤ የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት። «ጅቦቹ ዛሬ ማታ ይመጣሉ» ቢባል እዚህ እንግዳ መጋበዣ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን «የቀን ጅብ» የሚል አነጋገር በፖለቲካው ገብቶ ሰው መዝለፊያ ሆነ። ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰሞን ቢለጠፍ ዛቻ ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ኮምፒዩተር አይለይም፤ የሚለየው ቋንቋውን ከነቅኔው፣ ከነሰሞኑ ወሬው የሚያውቅ ሰው ነው።

ስሕተቱ ደግሞ የጽሑፍ ስሕተት ሆኖ አይቀርም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው «እንዲነሣ ባመለክትም በጊዜው አልተነሣም» በማለት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ ኬንያ ውስጥ ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚያከራክር ሥራ ከሆነ ይጠና ማለት ተገቢ ነው። ታዲያ ማንን ጠይቆ? ሠራተኞቹ ምስጢር እንዲጠብቁ ውል ፈርመዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተያያዘበት ስደተኛ ለማያውቀው አጥኚ አፉን ይከፍታል ማለት ዘበት ነው። ቢከፍትም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። አጥኚው «የምክር አገልግሎት ታገኛለህ?» ይለዋል፤ «አዎ» ይላል፤ ቁጥር ይከበባል። ምክሩ ጠቀመህ ወይስ አልጠቀመህም፣ ማታስ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል ብሎ ካልጠየቀው መጠይቁ ሙሉ ነው፤ እውነቱ ግን ከጀርባው ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ነገሩን ገልብጦ ጀመረው። ጥናቱን የመሩት በርሊን የሚሠሩት ዶክተር ሚላግሮስ ሚሴሊ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ በ2014 ዓ.ም. የመሠረቱት ዴር የተባለ የምርምር ተቋምም ተባባሪ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከኬንያ፣ ከቬኔዙዌላ፣ ከሶሪያ፣ ከጀርመንና ከሌሎችም አገሮች የተውጣጡ የዚህ ዓይነት ሠራተኞች ራሳቸው አጥኚ ሆኑ። ጥያቄውን እነሱ አወጡ፤ ባልደረቦቻቸውን እነሱ አነጋገሩ፤ ለድካማቸውም ተከፈላቸው። ውጤቱን አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በፊልም፣ አንዱ በሥዕል አቀረበው። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ምሁራን ሥራ ማማከርና ማገዝ ሆነ። ሐሳቡ የተወሰደውም ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1880 ለፈረንሳይ ሠራተኞች ካዘጋጀው፣ መቶ ያህል ጥያቄዎች ካሉት መጠይቅ ነው። በእኛ አስተያየት አዲሶቹ ከአሮጌው አንድ እርምጃ አልፈዋል፤ ማርክስ እኮ ጥያቄውን ራሱ ነው ያወጣው።

ከነዚህ አጥኚዎች አንዷ ናይሮቢ ይዘት ስታጣራ የነበረች ኢትዮጵያዊት ናት። ያነሣችው ነገር ሥራው ብዙዎቹን ለአእምሮ ሕመምና ለአደንዛዥ ዕፅ ጥገኝነት እንደ ዳረጋቸው ነው። ይህን ለእንግዳ ማን ይነግረዋል? አፎቻ ውስጥ የሚነገረው ለመንገደኛ አይነገርም። እርግጥ በ2017 ዓ.ም. ለኬንያ ፍርድ ቤት የቀረበ የሐኪም ማስረጃ ከ140 በላይ የሆኑ የቀድሞ አጣሪዎች በአሰቃቂ ነገር ምክንያት በሚመጣ የአእምሮ ጉዳት መያዛቸውን አሳይቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ስንት ሰው እንደ ታመመ ነገረን፤ የሥራ ባልደረባቸው ደግሞ ሌሊቱን በምን እንደሚገፉት ነገረችን።

«ተበዳይ ራሱ መርማሪ ከሆነ አያዳላም ወይ?» ብለው የሚከራከሩ በዝግጅት ክፍላችንም አልጠፉም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ምሽት ሙሉ አከራክሮናል። ያም ሆኖ የውጭው አጥኚም ያዳላል፤ የሚያዳላው ወረቀቱ ላይ ወደሚመቸው ነው። እኛን የበለጠ ያሳሰበን ሌላው ነው፦ ያየኸውን ክፉ ነገር ለመጻፍ እንደገና ማየት አለብህ፤ ባልደረባህን ስትጠይቅም ቁስሉን ትነካለህ። ስሙን ከጻፍክ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «አሳትፈናቸዋል» ለማለት ያህል አንድ ስብሰባ ጠርቶ ሻይ መጋበዝ ተሳትፎ አይባልም። ክፍያ፣ ጊዜ፣ ስም የመደበቅ መብት፣ «ይህን አልመልስም» የማለት መብት፣ እንዲሁም ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አንብቦ የማረም መብት ሲኖር ነው።

ሠራተኞቹም ቢሆኑ እስኪጠየቁ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ሳማ ከዚህ ሥራ እንደሚወጣ በጥር 2015 ዓ.ም. ካስታወቀ በኋላ ከ180 በላይ አጣሪዎች ክስ መሠረቱ። በሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሠራተኞች ቀን፣ ከ150 በላይ የሚሆኑ ናይሮቢ ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ።

ወደ ራሳችን እንመለስና፣ ለሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ የራሳችንን መጠይቅ ለማዘጋጀት ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጧል። እስካሁን 11 ጥያቄ ተሰብስቧል። የመጀመሪያው ከጀጎል ርቆ የተመደበ ጓደኛችን ያቀረበው ነው፦ «የባጃጁን ሂሳብ ማን ከፈለ?»