ሁለተኛውን ልጅ በታላቁ ሚዛን አትመዝኑት

ሰሞኑን በቴሌግራም ከእናት ወደ እናት የሚተላለፍ አንድ ሰንጠረዥ አለ። በግራ በኩል የሕፃኑ ዕድሜ በወር፣ በቀኝ በኩል «ሊኖረው የሚገባ ክብደት» ተጽፎበታል። ሦስት ወር ከሚለው አጠገብ 6.4 ኪሎ ይላል። ከግርጌው ደግሞ ከዚህ ካነሰ ወተትሽ አልበቃውምና ማሟያ ጀምሪለት የሚል ምክር ሰፍሯል። ላኪዎቹ ብዙ ጊዜ ከራሳቸው አንድ ነገር ይጨምሩበታል፦ ለሁለተኛ ልጅ የጡት ወተት ይቀጥናል፣ ዋና ዋናውን ታላቁ ጠጥቶታል!

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የዕድገት መለኪያ የሦስት ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት በእርግጥም 6.4 ኪሎ ነው። መካከለኛ ማለት ግን ከመቶ ጤነኛ ወንዶች ሃምሳው ከዚያ በታች ናቸው ማለት ነው። የሴቷ መካከለኛ 5.8 ኪሎ ሲሆን ሰንጠረዡ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይለይም። እንግዲህ ምክሩን አምኖ የተቀበለ ሰው ከጤነኛ ወንዶች ግማሹን፣ ከጤነኛ ሴቶች ደግሞ አብዛኞቹን ያለ ምክንያት ጡጦ ያስይዛል።

መለኪያው የመጣው ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከተለኩ 8,500 ገደማ ልጆች ነው። እናቶቻቸው ሲጋራ የማያጨሱና ልጆቻቸውን ጡት እንዲያጠቡ የተደገፉ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሲሠራበት የኖረው የ1977ቱ የአሜሪካ መለኪያ በአመዛኙ የዱቄት ወተት በጠጡ የኦሃዮ ልጆች ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሦስት አራት ወር ሲሞላው ወደ ኋላ የቀረ ያስመስለው ነበር። በዚያ የተነሳ ስንቷ እናት ጡት ማጥባት እንዳቆመች ቤቱ ይቁጠረው። በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ያሉት መስመሮች ምን እንደሆኑ ተደጋግሞ ስለተጻፈ አልገባበትም። ባጭሩ፣ በ15ኛው ፐርሰንታይል ላይ ያለ ልጅ ከመቶ ጤነኛ እኩዮቹ 15ቱን በክብደት ይበልጣል። ፈተና አልወደቀም።

ትዕግስቴን የሚፈታተነው የሁለተኛው ልጅ ነገር ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታላቁ ሲወለድ 2.9 ኪሎ ነበር፣ በሦስት ወሩ 6.4 ገባ። ታናሹ 3.6 ኪሎ ሆኖ ተወለደ፣ በሦስት ወሩ 6.2 ሆነ። እናት የሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን ዘርግታ ታያለች። የታላቁ መስመር ሽቅብ ሲወጣ የታናሹ ከመካከለኛው በላይ ጀምሮ ከመካከለኛው ጥቂት ዝቅ ብሏል። አንዱ በሦስት ወር 3.5 ኪሎ፣ ሌላው 2.6 ኪሎ ጨመረ። አያት ቀና ብለው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይላሉ፣ ጎረቤት ስኳር በውሃ ታዛለች፣ ቴሌግራሙ የዱቄት ወተት ይላል። ታናሹ ግን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ሊታይ የሚገባው እንዲህ ዓይነት መስመር ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ማህፀን መመለስ ያስፈልጋል።

በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ከእንግዴ ልጁ የሚነሱ ሴሎች የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ። መድረሻቸው በግድግዳው ውስጥ ተጠምዝዘው የሚገኙት ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ናቸው። እነዚህ ቧንቧዎች ከእርግዝና በፊት ግድግዳቸው ጡንቻ ስላለው እየጠበቡና እየሰፉ የሚያልፈውን ደም ይቆጣጠራሉ። ሴሎቹ ሲደርሱ ጡንቻውን እያፈረሱ ቦታውን ራሳቸው ይይዛሉ። ያኔ ቧንቧው አፉ ይሰፋል፣ እንደ ልቡ መጥበብም አይችልም። ደሙም ዝግ ብሎ፣ ግን በብዛት ወደ እንግዴ ልጁ ይፈሳል። ለጽንሱ ምግብም ኦክስጅንም የሚደርሰው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ሥራው በደንብ ካልተሠራ ሕፃኑ ያንሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባረገዘች ሴት ይህ ሁሉ ሀ ተብሎ ይጀመራል። ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ቢሰበሰብም ቧንቧዎቹ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሯቸው አይሆኑም። የመስኖ ቦይ አዲስ የሚቆፍር ገበሬና በዓመቱ ደለሉን ብቻ ጠርጎ ውሃ የሚለቅ ገበሬ ድካማቸው አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ልጅ የሚደርሰው በተቆፈረው ቦይ ላይ ነው። በሁለተኛ እርግዝና ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም የሚገጥመው ተቃውሞ በአልትራሳውንድ ሲለካ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት በመጀመሪያ እርግዝና ላይ መበርከቱም እንዲሁ። ውጤቱ በወሊድ ቀን ሚዛን ላይ ይታያል፤ ሁለተኛ ልጆች ከበኩሮች በአማካይ 100 ግራምና ከዚያ በላይ ከብደው ይወለዳሉ።

የእናት ማህፀን የልጁን መጠን ይገድባል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ በግልጽ የታየው በሰው ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሻየር የሚባለውን ግዙፍ የጭነት ፈረስ ሼትላንድ ከሚባለው ድንክ ፈረስ ጋር አዳቀሉ። እንስሳቱ በቁመት ስለማይገናኙ የተጠቀሙት በሰው ሠራሽ መንገድ ነው። ከሻየር እናት የተወለደው ውርንጭላ የሻየር ውርንጭላ ያህል፣ ከሼትላንድ እናት የተወለደው ደግሞ የሼትላንድ ያህል ሆነ። ሁለቱም በዘር ግማሽ ሻየር ግማሽ ሼትላንድ ነበሩ፤ የተለያየው ያደሩበት ማህፀን ነው። በፈረሶቹ ላይ ልዩነቱ ካደጉም በኋላ ፈጽሞ አልጠፋም። የሰው ልጅ ግን ከተወለደ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት አብዛኛውን ያስተካክለዋል።

እንዴት ቢሉ፣ ከተወለደ በኋላ የሚገድበው ማህፀን የለም። በዘሩ ሊደርስበት ከሚችለው መጠን አንሶ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፣ የካርዱንም መስመሮች ሽቅብ ያቋርጣል። በዘሩ መካከለኛ ሊሆን ያለው ግን በማህፀን ተመችቶት ከብዶ የተወለደ ደግሞ ዝግ ይላል፣ መስመሮቹን ቁልቁል ያቋርጣል። ሲወለድ የተለካ ርዝመት አዋቂ ሲሆን ስለሚኖረው ቁመት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በሁለት ዓመቱ የተለካው ግን ብዙ ይናገራል። በመካከሉ ያለው ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስመር የሚፈልግበት ነው።

በብሪስቶል ከተማና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የተወለዱ ልጆችን የሚከታተለው አልስፓክ የተባለው ጥናት ይህንኑ በበኩሮች ላይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት መሠረት በኩሮቹ ሲወለዱ ከሲታ ነበሩ። ከዚያ ግን ፈጥነው አደጉ፤ ከአንድ ዓመታቸው ጀምሮ ከሌሎቹ ልጆች በክብደትም በቁመትም በለጡ። ስለዚህ የታናሹ መስመር ከታላቁ ጋር ሲነጻጸር ጋደም ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ፈጥኖ የሚደርስበት ርቀት ብዙም አልነበረውም።

ወተቱስ ቀጠነ ወይ? እዚያው ብሪስቶል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 22 እናቶችን በመጀመሪያም በሁለተኛም ልጃቸው ጊዜ ተከታትሏል። በሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ የሚያመነጩት ወተት በአማካይ 31 በመቶ፣ ማለትም በቀን 142 ሚሊ ሊትር ያህል በልጦ ተገኘ። ጭማሪው የጎላው ደግሞ በመጀመሪያው ልጅ ጊዜ ወተት ባነሳቸው እናቶች ላይ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን አሉባልታው ከሚለው በተቃራኒ የሚያመለክት ነው። ጡት ወተት አጠራቅሞ የሚያስቀምጥ ጎተራ አይደለምና ታላቁ ጠጥቶ የሚጨርሰው ነገር የለም፤ በተጠባ ቁጥር ይመረታል። ቀጭን መስሎ የሚታየው መጀመሪያ የሚፈሰው ወተት ነው፤ ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ የሚወጣው ቅባቱ ይበዛል። በበኩሩም ጊዜ እንደዚሁ ነበር።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች እርስ በርስ የማንስማማባቸው ነገሮች ስላሉ ማስቀመጥ ይገባኛል። የደም ቧንቧዎቹን ለውጥ በተመለከተ ያለን ማስረጃ ብዙው በወሊድ ቀዶ ጥገና ጊዜ ከማህፀን ከተወሰዱ ቁራጮች የመጣ ነው፤ አንዷን ሴት ከመጀመሪያ እስከ ሁለተኛ እርግዝናዋ እየተከታተሉ ቧንቧዎቿን ማየት የማይሞከር ነው። ስለዚህ የቦዩ ምሳሌ ከማስረጃው ትንሽ ይፈጥናል። በኩሮች የሚፈጥኑትም በማህፀን ስለተገደቡ ብቻ ነው ወይስ ወላጅ ሙሉ ቀን እነሱን ብቻ ስለሚመግብ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ቶሎ መፋጠን ለልጁ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገን መረጃ አለው፦ በበለጸጉ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ከኋላ ከሚመጣ ውፍረት ጋር ያያይዙታል፤ ድህነትና ኢንፌክሽን ባለበት ግን አንሶ ለተወለደ ልጅ መድረስ ሕይወት ነው። እኔ በዚህ ክርክር ማንም ሰው ጡጦ ለመጀመርም ሆነ ለመከልከል ምክንያት ያገኛል ብዬ አላምንም።

የብሪስቶል እናቶች የኛ እናቶች አለመሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። የሁለተኛ ልጅ ብልጫ የሚሠራው እናት ሰውነቷን ለመመለስ ጊዜ ካገኘች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ የሚመክረው ያለነገር አይደለም፤ በላይ በላዩ ሲረገዝ ሁለተኛው አንሶ ሊወለድ ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበረታበት ቦታ በእንግዴ ልጁ ላይ የሚጣበቀው ጥገኛ ይበልጥ የሚጎዳው የመጀመሪያውን እርግዝና ነው፣ የእናት ሰውነት ገና አልለመደውምና። ወቅት እየጠበቀ በሚመጣባቸው የአገራችን አካባቢዎች ግን ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እርግዝና አይተርፉም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሚዛኑ ራሱ እውነት ተናግሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚንጠለጠለውን ክብ ሚዛን አስቡት። ሕፃኑ ሱሪ መሳዩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ይሰቀላል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ቀስቷ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሰሌዳው ላይ ያሉት ትንንሽ መስመሮች 100 ግራም 100 ግራም ናቸው። ባለፈው ወር ብርድ ስለነበር ሹራብና ኮፍያ ለብሶ ተመዝኗል፣ ዳይፐሩም ረጥቦ ነበር፤ በዚህ ወር ራቁቱን ነው። ከመመዘኑ በፊት 100 ሚሊ ሊትር ወተት ከጠባ 100 ግራም ያህል ጨምሯል፣ ሽንቱን ሲሸና ይቀንሳል። የሦስት ወር ሕፃን በቀን የሚጨምረው ደግሞ 20 ግራም አካባቢ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቶ ሕፃኑን ማታና ጠዋት የሚመዝን አባት የሚያየው ዕድገት አይደለም፤ የሽንትና የወተት ምልልስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በተቻለ መጠን በዚያው ሚዛን፣ ያለ ልብስ።

የሚያስፈራውን አልደብቅም። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንቱ የተወለደበትን ክብደት ካልመለሰ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ በሁለት ተከታታይ ወራት ምንም ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ከስድስት ጊዜ በታች የሚሸና ከሆነ፣ ጡት መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ለእነዚህ ችግሮች እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት አይደለም፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ልጅም ገድሏል። ቅቤ ማዋጥም፣ ስኳር በውሃም፣ አብሽም እስከ ስድስት ወር ድረስ ለሆዱ አይገቡም።

የታላቁን ካርድ አጥፋችሁ አስቀምጡት። ታናሹ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲሄድ ሚዛኑ እዚያው አለ፤ ልብሱን አውልቃችሁ አስመዝኑት፣ ነጥቡም በራሱ ካርድ ላይ መደረጉን ሳታዩ አትውጡ።