ከስደት የተረፈው ድስት

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በየቤቱ የሚሰማው ድምፅ የታወቀ ነው። ቢላዋ ይሳላል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ከገበያ የመጣው ዶሮ በጓሮ ታስሮ ይጮኻል። ኃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ተለይተን ልንቆይ ነውና የቅበላ ማዕድ ከሌላው ቀን ማዕድ የተለየ ሥፍራ አለው። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ከአገራችን እጅግ በራቀችው በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊት ክፍለ ግዛት በሉዊዚያና፣ በጾም ዋዜማ ዶሮ አሳድዶ የሚይዝ፣ የያዘውንም በአንድ ድስት ሠርቶ በኅብረት የሚመገብ ሕዝብ አለ። ስሙም ካጁን ይባላል። በዛሬው ገጻችን ስለዚህ ሕዝብና ስለ ዶሮ ወጡ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደናል።

የካጁኖች አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ተነሥተው፣ ዛሬ ካናዳ በምትባለው አገር በአትላንቲክ ጠረፍ አካዲ በተባለ ሥፍራ የሠፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። የባሕሩን ውኃ በአፈር ግድብ እየገቱ ረግረጉን ወደ እርሻ የለወጡ ታታሪዎች ነበሩ። አገሩ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀ በኋላ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያለ አንዳች ገደብ ታማኝ ለመሆን እንዲምሉ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። በዚህም ምክንያት ከ1755 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤታቸው እየተቃጠለ፣ ከብታቸው እየተወረሰ፣ ወገን ከወገኑ እየተለያየ በመርከብ ተጭነው ተጋዙ። በመርከብ ላይና በስደት በበሽታና በረኃብ ያለቁት ብዙ ናቸው። ከተረፉት መካከል በ1760ዎቹ አጋማሽ ወደ ሉዊዚያና የደረሱ ነበሩ፤ በ1785 ደግሞ ሰባት መርከቦች 1,600 ያህል ስደተኞችን ከፈረንሳይ አመጡላቸው። «አካዲያን» የሚለው ስም በአፍ ላይ እየተለወጠ «ካዲያን»፣ በመጨረሻም «ካጁን» ሆነ።

በአዲሱ ምድር የለመዱት ስንዴ አልተመቻቸውም። ስለዚህ ወደ ሩዝ ዞሩ። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የዱር ቅጠሉን፣ በባርነት ከአፍሪካ ከመጡት ሰዎች ደግሞ የባምያን አበሳሰል ተማሩ። «ጉምቦ» የተባለው የታወቀ ሾርባቸው ስሙን ያገኘው ባምያ ከሚጠራበት የአፍሪካ ቃል ነው። እንግዲህ ድስቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የተሰደደውም የተጋዘውም እጅ አለበት።

መከራው ግን በዚያ አላበቃም። የሉዊዚያና የ1921 ሕገ መንግሥት የትምህርት ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በግቢ ውስጥ በእናቱ ቋንቋ በፈረንሳይኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። ያ ትውልድ አድጎ ሲወልድ ልጆቹ እንዳይዋረዱበት ቋንቋውን ሳያወርሳቸው ቀረ። በ1968 ፈረንሳይኛን የሚያሳድግ መንግሥታዊ ምክር ቤት ቢቋቋምም በመካከሉ የጠፋው ብዙ ነበር። ቋንቋው ሲደክም ያልደከመው ድስቱ ነው። የአያቱን ንግግር የማይሰማ የልጅ ልጅ የአያቱን ወጥ ግን መሥራት ያውቃል።

የጾማቸው ዋዜማ ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ «ማርዲ ግራ» ይሉታል፣ ትርጉሙም የስብ ማክሰኞ ማለት ነው። በማሙ፣ በዩኒስና በቸርች ፖይንት በመሳሰሉት ትንንሽ ከተሞች ጎረምሶች ጭምብል አጥልቀው፣ ሹል ቆብ ደፍተው በፈረስና በጋሪ ይወጣሉ። መሪያቸው ጭምብል አያደርግም፤ ነጭ ባንዲራ ይዞ ወደ ባለቤቱ በመቅረብ ወደ ግቢ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቃል። ሲፈቀድላቸው ይዘፍናሉ፣ ይለምናሉ። ባለቤቱም ሩዝ ወይም ሽንኩርት ይሰጣል፤ አንዳንዱ ነፍስ ያለበትን ዶሮ ወደ ላይ ይለቅና ጎረምሶቹ በጭቃው ውስጥ ያሳድዱታል። ማታ የተገኘው ሁሉ በትልቅ ድስት ይሠራና የሰጠውም የለመነውም ከአንዱ ይመገባል። በማግሥቱ የካቶሊክ ምእመናን በመሆናቸው በግንባራቸው አመድ ተቀብተው ጾም ይጀምራሉ።

ወደ ወጡ እንመለስ። የእኛ ዶሮ ወጥ ኃይሉ በቁሌቱ እንደሆነ ሁሉ የካጁን ወጥ ኃይሉ «ሩ» በተባለው በዘይት የተቁላላ ዱቄት ነው። ባለሙያዋ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ከምድጃ እንደማትለይ፣ የካጁን ሴትም ሩውን ትታ አትሄድም። እኛም በቤታችን ስንሞክረው እንግዳ ለመቀበል ለአንድ አፍታ ዘወር ብንል ዱቄቱ አረረብን፤ ደፍተን እንደገና ጀመርን። ያረረ ሩ በምንም አይታረምም።

ለአንድ ዶሮ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት ትልልቅ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት የፈረንጅ ቃሪያ፣ ሦስት ዘንግ ሴለሪ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ሚጥሚጣ። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሴለሪ ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚገቡ የሉዊዚያና ሰዎች «ቅድስት ሥላሴ» ይሏቸዋል፤ ለእኛ ግን ይህን ስም ለአትክልት መስጠት ይከብደናል።

ዶሮውን እንደ ልማዳችን በሎሚና በጨው በሚገባ አጥበን በየብልቱ እናወጣና ጨውና ቁንዶ በርበሬ እንነሰንስበታለን። በወፍራም ድስት ዘይቱን አግለን ዱቄቱን እንጨምርና በዝግተኛ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ ሳናቋርጥ እናማስላለን። መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ወርቅማ፣ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ የተቆላ ቡና መልክ ይይዛል። ትኩሱ ሩ ቆዳ ላይ ቢፈናጠቅ ክፉኛ ያቃጥላልና ሕፃናት አይቅረቡ። ከዚያም የተከተፉትን ሦስቱን አትክልቶች ጨምረን እስኪለሰልሱ እናቁላላለን፤ ነጭ ሽንኩርቱም ይከተላል። የሞቀውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ስናፈስ ሩው ይሟሟል። ዶሮውንና ሚጥሚጣውን ጨምረን ክዳኑን ገርበብ አድርገን እናንተከትከዋለን፤ የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሲወጣ የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበትና በነጭ ሩዝ ላይ ይቀርባል። በአገሩ የአሳማ ቋሊማ የሚጨምሩበት አሉ፤ እኛ ብንተወው ወጡ አንዳች አይጎድልበትም።

ይህን ስንጽፍ ዶሮ ወጣችንን በሌላ ለውጡ ማለታችን አይደለም። በቤታችን ሞክረን ስንጨርስ ግን አንድ ነገር ታዝበናል። ያን ያህል ሰዓት ድስቱን ስናማስል ልጆች ከአጠገባችን አልራቁም፤ ይጠይቁ፣ ይቀምሱ፣ ማማሰያውን ይለምኑ ነበር። የካጁን ወጥም ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው በዚህ ዓይነት ሰዓት ይሆናል። በዘንድሮው ቅበላ፣ ወጡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ማማሰያውን ለልጆች ሰጥተን ከአጠገባቸው እንቁም። ከድስቱም ለጎረቤትና ለደጅ ጠኚ ድርሻ አይጥፋ።

መልካም ቅበላ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልን።