የእኛን ክረምት የሚያውቀው የሩቅ በረዶ

በ1775 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1783) ሰኔ ላይ፣ ጎንደር ላይ “ፍጻሜ መንግሥት” የተባሉት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው እሳተ ገሞራ ምድሩን ሰንጥቆ ወጣ። ስምንት ወር ያህል ሲተፋ ከርሞ ወደ 120 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ያ የሚሰነፍጠውን የድኝ ጋዝ፣ ወደ ሰማይ ለቀቀ። በዚያ ክረምት ዓባይ ግብፅ ሲደርስ እንደ ወትሮው አልሞላም። በዓመቱም አልሞላም። በዚያን ጊዜ ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ ከአገሩ ሰው ከስድስት አንዱ በሞትና በስደት እንደጠፋ ጽፏል።

ግብፅን የሚያጠጣው የክረምት ሙላት ደግሞ በአብዛኛው እንደ ጎጃም፣ በጌምድርና ወሎ ባሉ ደጋዎቻችን ላይ የወረደ ዝናብ ነው። እዚያ ጎደለ ማለት እዚህ ጎደለ ማለት ነው። አየር ጤና አካባቢ ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን የላኪን ታሪክ ሳነሳ ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር፤ አይስላንድና ጎጃም ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። የድኙ ጭጋግ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ፀሐይዋን ሲጋርድ የብሱ በሰኔና በሐምሌ በደንብ ሳይሞቅ ይቀራል። ዝናብ ያዘለውን ነፋስ ከባሕር የሚስበው የየብሱ ሙቀት ነውና ነፋሱም ይደክማል።

ማስረጃው ያለው ግሪንላንድ ነው። መካከለኛው ግሪንላንድ ላይ የዘንድሮ በረዶ አይቀልጥም፤ የአምናው ላይ ይተኛል፣ የከርሞውም በእሱ ላይ። ሳይንቲስቶች በመሰርሰሪያ ረጅም የበረዶ ዓምድ ያወጡና ቆራርጠው፣ ጫፉን በጋለ ሳህን ላይ ቀስ እያሉ እያቀለጡ፣ የሚንጠባጠበውን ውኃ እዚያው ይመረምሩታል። የላኪ ዘመን በረዶ ጋ ሲደረስ የአሲዱ መጠን ድንገት ሽቅብ ይወጣል። እንዲህ ያለው ምልክት ወደ ኋላም ይቀጥላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት፣ ግብፅን ክሊዮፓትራ ስትገዛ፣ አላስካ ውስጥ ኦክሞክ ፈንድቷል፤ የዓባይ ሙላትም በተከታታይ ቀርቷል። ዜና መዋዕሎቻችን ስለ መሳፍንቱ ሽኩቻ የሚነግሩንን ያህል ስለ ዝናቡ አይነግሩንም። እንግዲህ የጎደለውን ከባዕድ አገር በረዶ ላይ ማንበብ ግድ ሆኗል።

የኮልፌ ቀራንዮ በረዶ ለዚህ አይሆንም። ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም፣ ልጆች በጣሳ ሰብስበው ሳይጨርሱ ግን ውኃ ይሆናል። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ትልቋን ፍሬ ለሁለት ሰብሮ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ለምን እንደ ሽንኩርት ተደራረበች?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዱ ንብርብር ነጣ ያለ፣ ሌላው እንደ መስታወት የጠራ። ፍሬዋ በደመናው ውስጥ ስትናጥ የለበሰችው ነው። ዕድሜዋ ግን በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ውኃ ሌላም ምስጢር ይዟል፦ ክብደት። ኦክስጅን ቀላልም ከባድም ዓይነት አለው። ደመናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከባዱን ይዞ የሚወርደው ውኃ ቀድሞ ይንጠፈጠፋል፣ ኋላ የሚወርደው የቀለለው ነው። በቀዝቃዛ ዘመን የተጋገረ በረዶ ስለዚህ ቀለል ያለ ነው። ይህን የጀመረው ዴንማርካዊው ቪሊ ዳንስጎር ነው፤ በ1944 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኮፐንሃገን ጓሮው ውስጥ የቢራ ጠርሙስ ላይ ማንቆርቆሪያ ሰክቶ ዝናብ ሰበሰበ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አዲስ አበባም ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ ውስጥ ዝናቧ ይለካል፤ የሚገርመው፣ ደጋ ከተማ ሆና ሳለ ዝናቧ ለከፍታዋ ከሚጠበቀው ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ደመናችን በመንገዱ ላይ ከኮንጎ ደንና ከሱዱ ረግረግ ዳግም የተነነ እርጥበት ይዞ ይመጣል የሚል ነው።

እኛ የሚቆፈር በረዶ የለንም። ባሌና ስሜን ተራሮች ላይ በበረዶ ዘመን የነበረው ቀልጦ፣ ጎትቶ ያመጣቸው ድንጋዮች ብቻ ቀርተዋል። ኪሊማንጃሮ ላይ ግን አለ፤ በ1992 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሎኒ ቶምፕሰን ቆፍሮ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የድርቅ አቧራ አግኝቶበታል።

የእኛ መዝገብ ጭቃ ነው። ከጣና ሥር በወጣው የጭቃ ዓምድ ውስጥ፣ ከሐይቁ ደለል በታች የረግረግ ተክል ብስባሽ፣ ከእሱም በታች የደረቀ መሬት አለ። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ በዚያው ዘመን የግሪንላንድ በረዶ ብርቱ ቅዝቃዜን ያሳያል። ሐይቁ ዳግም ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ2,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።